ፈውስ ወይስ ፋታ? ከዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ምርመራ በኋላ ስለሚታይ ጤናማ የደም ስኳር ልኬት

«የስኳር ሕመም አለብዎት» የተባለ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በባዶ ሆዱ ጣቱን ተወግቶ በመለኪያው ላይ 94 የሚል ቁጥር ቢያይ በመጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ቀጥሎም ግራ ይገባዋል። በማግሥቱ ደግሞ ይለካል፤ 97። በሦስተኛው ቀን 91። ሕመሙ ዕድሜ ልክ አብሮት እንደሚኖር በተነገረው በወሩ፣ ልኬቱ ሕመሙ ከሌለበት ጎረቤቱ ልኬት የማይለይ ሆኖ ያገኘዋል። በዚህ ጊዜ ሁለት መደምደሚያዎች ለአእምሮ ቅርብ ናቸው፤ «ቀድሞውኑ ተሳስተዋል» ወይም «ድኛለሁ»። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ቢሆኑም የሚመሩት ወደ አንድ ተግባር ነው። መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀጠሮውም ይታለፋል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞከረው ያው 94 የተባለ ቁጥር በተለያዩ ሰዎች ላይ ፈጽሞ የተለያየ ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ነው። በአንዱ ላይ ቀድሞ የተሰጠው ምርመራ የቸኮለ መሆኑን ያመለክታል፤ በሌላው ላይ የመለኪያው ወይም የናሙናው ጉድለት ነው፤ በሦስተኛው ላይ ሕመሙ በእርግጥ ረግቧል፤ በአራተኛው ላይ ደግሞ የኩላሊት መድከም ምልክት ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ መነሻው ከተለያየ፣ ሊወሰድ የሚገባው እርምጃም ይለያያል።

ስሙ በየትኛው ቁጥር ይሰጣል?

የስኳር ሕመም እንደ ወባ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ተውሳክ የለውም። ያለው ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ሳይቋረጥ የሚሄድ የቁጥር መስመር ነው፤ በዚያ መስመር ላይ ሐኪሞች በስምምነት የተከሉት የወሰን ድንጋይ አለ። ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ከምግብ ተቆጥቦ በተወሰደ ናሙና 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ፤ 75 ግራም ግሉኮስ በውኃ ተበጥብጦ ከተጠጣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 200 ወይም ከዚያ በላይ፤ ወይም ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ምርመራ 6.5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ወሰኑ ታልፏል ይባላል። የውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ክሳት ያለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘበት ምርመራው በዚያው ይጸናል። ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ግን ስሙን ከማግኘቱ በፊት ወሰን ያለፉ ሁለት ውጤቶች ሊኖሩት ይገባል።

ሁለተኛው ውጤት የሚጠየቀው ለወግ ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ዳሰሳ ውስጥ የተካተቱ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ቀድሞ ያልተነገራቸው ሰዎች በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመርምረው ነበር። በመጀመሪያው ቀን የጾም ልኬታቸው 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነው መካከል፣ በሁለተኛው ቀን እንደገና ከወሰኑ በላይ የተገኙት 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከአሥር ሦስቱ ምንም ክኒን ሳይውጡ ከወሰኑ በታች ወርደዋል። አንድ ምርመራ ብቻ ተደርጎላቸው መድኃኒት ቢጀምሩ ኖሮ እነዚህ ሰዎች የወረደውን ቁጥር ለመድኃኒቱ፣ ለአመጋገባቸው ወይም ለጸሎታቸው ይሰጡት ነበር።

የስታትስቲክስ ሊቃውንት ይህን «ወደ አማካይ መመለስ» ይሉታል። ነገሩ ቀላል ነው፤ የአንድ ሰው የጾም ልኬት ከቀን ወደ ቀን ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው ወደ ሕክምና የሚሄደው ደግሞ በደኅና ቀኑ ሳይሆን በከፋው ቀን ነው፤ ትኩሳት ይዞት፣ ከለቅሶ ቤት ተመልሶ፣ ወይም ብዙ ሌሊት ሳይተኛ ከርሞ። በከፋው ቀን የተገኘ ቁጥር ሲደገም በአብዛኛው ወደ ታች ይላል። ለወሰኑ ቅርብ የሆኑ፣ ለምሳሌ 128 ወይም 131 የሚሉ ውጤቶች ይበልጥ የሚጠረጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። 290 ተገኝቶበት፣ ከስቶና ውኃ እየጠማው የመጣ ሰው ግን በአማካይ ሕግ አይድንም።

ከተራ መዋዠቅ ያለፈ ጊዜያዊ ከፍታም አለ። ከባድ ኢንፌክሽን፣ ቀዶ ሕክምና፣ የልብ ድካም አደጋ ወይም ቃጠሎ ሲደርስ ሰውነት ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል፤ እነርሱም ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያዙታል። ለአስም፣ ለቆዳ ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሕመሙ ሲያልፍ ወይም መድኃኒቱ ሲቆም ስኳሩ ይወርዳል። እዚህ ላይ የኤዋንሲ ምርመራ ይጠቅማል፤ ከፍታው የጥቂት ቀናት ብቻ ከሆነ የወራቱ አማካይ ገና ከወሰኑ በታች ነውና። ሆኖም በእንዲህ ያለ ጊዜ ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ወደፊት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። ስሙ ከካርዱ ላይ ቢሰረዝም ዓመታዊ ምርመራው ሊቀርበት አይገባም።

መለኪያውና ናሙናው

በቤት የሚያዘው የጣት መለኪያ ለክትትል እንጂ ለምርመራ የተሠራ መሣሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዓለም አቀፍ የጥራት ደረጃ፣ ከ100 በላይ በሆኑ ልኬቶች ላይ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ውጤቶች ከእውነተኛው መጠን በ15 በመቶ ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ይህ ማለት በደሙ ውስጥ በትክክል 126 ያለበት ሰው በደኅና መሣሪያ ተለክቶ 107 ወይም 145 ቢያነብ መሣሪያው ደረጃውን አላጓደለም ማለት ነው። በመንደር ፋርማሲ በአንድ ጠብታ ደም «ስኳር አለብህ» የተባለ ሰውም፣ በቤቱ በአንድ ጠብታ ደም «የለብኝም» ያለ ሰውም የተመረኮዙት በአንድ ዓይነት ደካማ ማስረጃ ላይ ነው።

የተለመዱት ስሕተቶች በአብዛኛው ጥቃቅን ናቸው። ብርቱካን ወይም ማንጎ ልጦ እጁን ሳይታጠብ የተለካ ሰው የፍሬውን ስኳር አብሮ ይለካል፤ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ቁጥር በሐሰት ከፍ ብሎ ሁለተኛው እውነተኛውን ሊያሳይ ይችላል። ጊዜው ያለፈበት፣ ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ወይም ሙቀት ያገኘው የመለኪያ ስትሪፕ በሁለቱም አቅጣጫ ይሳሳታል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ልኬት ከእውነተኛው ከፍ፣ ቀይ የደም ሴሉ የበዛበት ሰው ልኬት ደግሞ ዝቅ ብሎ የመነበብ ዝንባሌ አለው። ይህን የሰማ አንባቢ «ታዲያ እኛ ደጋ የምንኖረው ደማችን ስለሚወፍር ልኬታችን ዝቅ ይል ይሆን?» ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው ግን፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ወለል ከፍታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አይለይም፤ በአንዲስ ተራሮች የታየው ዓይነት የቀይ ደም ብዛት በእነርሱ ዘንድ አልተገኘም። ስለዚህ ዝቅተኛ ልኬትን በከፍታ ማመካኘት በእኛ ሀገር ፈጥኖ የሚያዝ ምክንያት አይደለም።

የላቦራቶሪ ምርመራም የራሱ ወጥመድ አለው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጻፈው ከሚገባው በታች ስለሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ደም ከክንድ ተቀድቶ በተራ ቱቦ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላም ሴሎቹ በሕይወት አሉ፤ ግሉኮሱን መመገባቸውን ይቀጥላሉ። ፕላዝማው ወይም ሴረሙ ፈጥኖ ካልተለየ በክፍል ሙቀት ውስጥ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው ግሉኮስ ይጠፋል፤ ሙቀቱ ከበረታ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ማለዳ 135 የነበረው ናሙና እስከ እኩለ ቀን ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ከ110 በታች ተነቦ «ጤናማ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ለዚሁ ተብሎ ፍሎራይድ የተጨመረበት ባለ ግራጫ ክዳን ቱቦ አለ፤ እርሱም ቢሆን ሥራውን ሙሉ በሙሉ እስኪጀምር ሰዓታት ይወስድበታል። ናሙናው ከጤና ጣቢያ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ በመኪና በሚላክበት ቦታ፣ ያልተጠበቀ ጤናማ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ናሙናው መቼ ተቀድቶ መቼ ተለየ የሚለው ነው።

የኤዋንሲ ምርመራ ከእነዚህ ችግሮች ነጻ ቢሆንም በሌላ በኩል ይታማል። ምርመራው የሚለካው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ የተጣበቀውን ስኳር ሲሆን፣ የቀይ ደም ሴል ዕድሜ 120 ቀን ገደማ መሆኑን ታሳቢ ያደርጋል። የሴሉን ዕድሜ የሚያሳጥር ነገር ሁሉ ስኳሩ የሚከማችበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ውጤቱም በሐሰት ዝቅ ይላል። በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው፣ ወባ ቀይ ደሙን ያፈረሰበት፣ ወይም የጂ-ስድስት-ፒ-ዲ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ኤዋንሲው 5.8 ሆኖ ስኳሩ ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ ደግሞ በተቃራኒው ውጤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንዲህ ባለው ሰው ላይ ብረት ተሰጥቶ የደም ማነሱ ሲታከም ኤዋንሲው ይወርዳል፤ ስኳሩ ግን ቀድሞውንም አልተለወጠም። የጣት ልኬትና ኤዋንሲ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ አንዱን መርጦ ሌላውን ከመጣል በፊት የደም ማነስ መኖሩን ማየት ይገባል።

ማለዳ ብቻ የሚለካ ሰው

ብዙ ሰው የሚለካው ማለዳ፣ ከቁርስ በፊት ነው። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከሃያ አራቱ ሰዓት አንዷን ብቻ ያሳያል። ጤናማ ቆሽት ምግብ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ያከማቸውን ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ቀጥሎም ቀስ እያለ ያመርታል። በዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ቀድሞ የሚጠፋው ይህ የመጀመሪያው ፈጣን ምላሽ ነው። ስለዚህ በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጾሞ ማለዳ 96 ሊሆን፣ እንጀራውን በልቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ 215 ሊደርስ ይችላል። ሉዊ ሞኒዬና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ በ290 ሕሙማን ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ኤዋንሲያቸው ከ7.3 በመቶ በታች በሆነ ሰዎች ላይ ከጠቅላላው የስኳር ከፍታ 70 በመቶ ያህሉ ከምግብ በኋላ የሚመጣ ነበር፤ ከ10.2 በላይ በሆኑት ላይ ግን ድርሻው ወደ 30 በመቶ ወርዷል። በሌላ አነጋገር፣ ሕመሙ ቀላል በሆነ መጠን ማለዳ ሲለኩት ይደበቃል። ፕሬድኒሶሎን ጧት ጧት የሚወስድ ሰውም ስኳሩ ከቀትር በኋላና ማታ ወጥቶ ማለዳ ወደ ቦታው ስለሚመለስ በዚሁ መንገድ ይታለላል።

ይህን ለማጣራት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለሦስትና ለአራት ቀናት የማለዳውን ልኬት ትቶ፣ ከዋናው ምግብ የመጀመሪያ ጉርሻ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ መለካት ይበቃል። ስትሪፕ ውድ በሆነበት ሀገር ያችኑ አንዲት ስትሪፕ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ከማዋል ሰዓቷን እያፈራረቁ መጠቀም ይሻላል።

ስኳሩ በእርግጥ ሲወርድ

እስካሁን የተነሡት ምክንያቶች ቁጥሩ የሚያታልልባቸው ናቸው። ይሁንና ቁጥሩ እውነቱን የሚናገርበት ጊዜም አለ። ይህም ብዙዎች ከሚያስቡት ይልቅ የተለመደ ነው። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ1977 የተጀመረው ታላቁ የስኳር ሕመም ጥናት፣ አዲስ የተመረመሩ 3,044 ሰዎችን መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት ለሦስት ወር በአመጋገብ ምክር ብቻ ተከታትሏል። በሦስቱ ወራት መጨረሻ 16 በመቶዎቹ የጾም ልኬታቸው ከ108 በታች ሆኖ ተገኝቷል። ቀድሞ የተሰጣቸው ምርመራ ትክክል ነበር፤ አሁን የታየው ልኬትም ትክክል ነበር።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ይበልጥ ግልጽ የሆነው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሮይ ቴይለርና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናታቸው ሕመሙ ከያዛቸው አራት ዓመት ያልሞላቸው 11 ሰዎች ለስምንት ሳምንት በቀን 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብቻ ተመገቡ። የጾም ልኬታቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከ166 ወደ 106 ወረደ። አስገራሚው ፍጥነቱ ነው፤ በሰባት ቀን ማንም ሰው ያን ያህል ክብደት አይቀንስም። መልሱ የተገኘው በጉበት ውስጥ ነው። በዚያው ሳምንት የጉበታቸው ስብ በ30 በመቶ ያህል ቀንሶ ነበር። በስብ የተሞላ ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ አይሰማም፤ ሰውየው ተኝቶ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደም ሲለቅ ያድራል፤ የማለዳው ከፍተኛ ልኬትም ከዚያ ይመጣል። ምግብ በእጅጉ ሲቀንስ ሰውነት አስቀድሞ የሚያወጣው ይህንኑ የጉበት ስብ በመሆኑ የማለዳው ልኬት ከሁሉ ቀድሞ ይስተካከላል። የቆሽቱ ፈጣን ምላሽ ግን የተመለሰው ቀስ በቀስ በስምንቱ ሳምንታት ውስጥ ነው። አዲስ የተመረመረ ሰው ደንግጦ ለስላሳውን፣ ኬኩንና የማታውን ሁለተኛ ሰሃን በአንድ ቀን ሲተው፣ ማለዳ 94 ከምግብ በኋላ ግን ገና 190 የሚያይበት ምክንያት ከዚህ ይታወቃል።

ይኸው ቡድን በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ በሚገኙ 49 የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ጣቢያዎች ባካሄደው፣ ዳይሬክት በተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ውጤት በሕክምናው ዓለም ብዙ አነጋግሯል። ክብደት እንዲቀንሱ ከተረዱት 46 በመቶዎቹ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ከወሰኑ በታች ተገኙ፤ በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት ግን 4 በመቶ ብቻ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል ድርሻው 86 በመቶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ወረደ፤ ክትትሉ በቀጠለ ቁጥርም እየሳሳ ሄደ። ክብደቱ የተመለሰበት ሰው ስኳሩም ተመልሶበታል። ጋዜጦች የመጀመሪያውን ቁጥር በትልቁ አትመው የኋለኞቹን መዝለላቸው ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እስከ ዛሬ ያሳዝነዋል።

በእኛ ሀገር ሐኪሞች ዘንድ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «የእኛ ሕሙማን እኮ ብዙዎቹ ቀጫጭኖች ናቸው» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቴይለርና ሩሪ ሆልማን እ.ኤ.አ. በ2015 ባቀረቡት ሐሳብ እያንዳንዱ ሰው ስብን ከቆዳው ሥር በደኅና የሚያከማችበት የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑ ሲያልፍ ትርፉ ወደ ጉበትና ወደ ቆሽት ይፈሳል። ወሰኑ ዝቅተኛ የሆነበት ሰው ለዓይን ሳይወፍር ይታመማል። ይህን ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ ክብደታቸው ከመደበኛው እምብዛም ያልዘለለ 20 ሰዎች ደረጃ በደረጃ ጥቂት ክብደት እንዲቀንሱ ተደርጎ 14ቱ ያለ መድኃኒት ከወሰኑ በታች ሆነዋል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በሐኪም ቁጥጥር ሥር ነበሩ፤ ዓይነት ሁለት መሆናቸውም የተረጋገጠ ነበር። ቀጭን ሆኖ፣ ሳያስበው እየከሳ የመጣ ሰው የኢንሱሊን እጥረት፣ ማለትም ዓይነት አንድ ሊኖርበት ስለሚችል ምግብ ቀንስ ማለት አደጋ ነው። ሳይፈልግ እየከሳ ስኳሩ የተስተካከለ ሰው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ሆርሞን መዛባት ወይም ካንሰር እንዳለበት ሊጣራ ይገባዋል እንጂ «ጎበዝ» ሊባል አይገባም።

ከአመጋገብ ሌላ ስኳሩን በእርግጥ የሚያወርድ ሁለተኛ መንገድ አለ። ለወራት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ራሱ ቆሽትን ያደነዝዛል፤ በኢንሱሊን ወይም በክኒን ለጥቂት ሳምንታት ሲወርድ ደንዝዘው የነበሩ ሴሎች በከፊል ይነቃሉ። የዚህ እጅግ ጎልቶ የታየው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ከሚገኘው የፍላትቡሽ ሰፈር ስም ተሰጥቶት የተገለጠው የሕመም ዓይነት ነው። ጥቁር የሆኑ ጎልማሶች በኬቶን መመረዝ፣ ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ሆስፒታል ይገባሉ፤ ኢንሱሊን ይጀመርላቸዋል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ኢንሱሊኑን አቁመው ስኳራቸው ጤናማ ሆኖ ይቆያል። ተመሳሳይ ታሪክ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ከሚገኙ ሀገሮች ወደ ፓሪስ በሄዱ ሰዎችም ላይ ተመዝግቧል። ፋታው ወራት፣ ለአንዳንዱም ዓመታት ይዘልቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይመለሳል። ይህ ታሪክ ዓይነት አንድ ያለበትን ወጣት ኢንሱሊኑን እንዲያቆም ሊያደፋፍረው አይገባም። በእርሱም ላይ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ አጭር የመርገብ ወቅት ይታያል፤ በዚያ ወቅት ኢንሱሊኑን ፈጽሞ የተወ ወጣት ግን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የራስን ቆሽት የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትንና ሲ-ፔፕታይድ የተባለውን የቆሽት ምርት መመርመር ያስፈልጋል።

ቃሉ ምን ይሁን?

እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካና የአውሮፓ የስኳር ሕመም ማኅበራት ከሌሎች ጋር ሆነው አንድ ትርጓሜ አውጥተዋል። ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት ሁሉ ከቆመ ቢያንስ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ኤዋንሲው ከ6.5 በመቶ በታች የሆነ ሰው ሕመሙ ረግቦለታል ይባላል። «ድኗል» የሚለውን ቃል ግን ሆን ብለው ትተውታል። አማርኛችን ለዚህ የሚስማማ ቃል ያለው ይመስለኛል። አንድ ወገን «ፈውስ» ቢል ያታልላል፤ «ስርየት» ቢል የኃጢአትን ይቅርታ ያስታውሳል። «በሽታው ፋታ ሰጠው» የሚለው የቆየ አነጋገር ግን ሕመሙ ዞር እንዳለ፣ ሊመለስም እንደሚችል በአንድ ቃል ይናገራል።

በዚህ ትርጓሜ መሠረት ሜትፎርሚን እየዋጠ 94 የሚያነብ ሰው ፋታ ላይ አይደለም፤ መድኃኒቱ እየሠራለት ነው። ቁጥሩ ስለ ተስተካከለ መድኃኒቱን መተው፣ ውኃውን ግድቡ እንደያዘው ዘንግቶ ወንዙ ደርቋል እንደ ማለት ነው። የሽፈራው ቅጠል ወይም አብሽ ጠጥቼ ወረደልኝ የሚሉ ሰዎችን በተመለከተም ንቀት አያስፈልግም። ሰውየው ሽፈራውን የጀመረው ለስላሳ መጠጥ በተወበት፣ ክኒን በጀመረበትና ከከፋው ቀኑ ባገገመበት ወር ስለሆነ የትኛው እንደ ሠራ ከእርሱ ልኬት ብቻ መለየት አይቻልም። ሊነገረው የሚገባው ቅጠሉን ከክኒኑ ጋር አድርጎ ለሐኪሙ እንዲናገር እንጂ በክኒኑ ፈንታ እንዳያደርገው ነው። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን የሚታይ ዝቅ ያለ ልኬትም እንዲሁ ይመረመራል፤ በተለይ ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ ግባት ሳይበላ ቢውል ቁጥሩ ከ70 በታች ወርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላልና፣ ከጾሙ በፊት የመድኃኒቱ ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት ከሐኪም ጋር ሊስተካከል ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ያለ ምንም ጥረት መውረድ ሲጀምር ነው። ኩላሊት ኢንሱሊንን ከደም ከሚያጠፉት አካላት አንዱ ነው፤ በራሱም ስኳር ያመርታል። ሲደክም ኢንሱሊኑም ሆነ አንዳንዱ ክኒን በደም ውስጥ ይቆያል፤ ምርቱም ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰው «ስኳሬ ተስተካከለ፤ ኢንሱሊኑም በግማሽ ቀነሰልኝ» እያለ ደስ ብሎት ይመጣል፤ ሊደረግለት የሚገባው የክሬቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ምርመራ ነው።

ፋታ ያገኘ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ኤዋንሲው ይለካለታል፤ ዓይኑ፣ እግሩና ኩላሊቱም ይታያሉ። ቀድሞ ስኳሩ ከፍተኛ በነበረበት ዘመን የተጎዳ የዓይን መረብ ስኳሩ ስለ ወረደ በአንድ ጊዜ አይጠገንም፤ እንዲያውም እጅግ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ የመረቡ ጉዳት ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ከዚህ የተለየ ደግሞ ጉዳት የሌለበት የዓይን ብዥታ አለ፤ በዓይን ሌንስ ውስጥ ያለው ስኳርና ውኃ ከደሙ ጋር እስኪስተካከል ድረስ ለጥቂት ሳምንታት የሚቆይ ነው። ብዙ ሰው በዚሁ ወር ሄዶ መነጽር ያሠራል፤ ብዥታው ሲያልፍ መነጽሩ አይሆነውም። መነጽሩን ለሁለት ወር ያህል ማዘግየት ይቻላል፤ የዓይን መረቡን ምርመራ ግን ማዘግየት አይገባም።